የእናት ስም

ዐውደ ነገሥት ወደሚገልጥ ደብተራ የሄደ ሰው አስቀድሞ ስሙን ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የእናቱን ስም። የአባቱን ስም የሚጠይቀው የለም። ደብተራው የሁለቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር መልሶ ይደምራል፤ ድምሩን በ12 ይገድፋል፤ የተረፈችው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ዐሥራ ሁለት ከዋክብት የሰውየውን ለይታ ታወጣለች። ሰው ሁሉ የእገሌ ልጅ ተብሎ በአባቱ በሚጠራበት አገር ዕጣ ፈንታው በእናቱ ስም መቆጠሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በዚህ ስሌት ኮከቧን ላወጣላት የምመኝላት አንዲት ሴት አለች፤ ነገር ግን ስሌቱ ገና ከመጀመሪያው ይሰናከላል። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ የአባቷን ስም ጽፎልናል፤ ገራድ መሕመድ፣ የሐዲያ ገዥ። እርሷ በአባቷ ቤት ማን ተብላ እንደተጠራች፣ የወለደቻትስ ሴት ማን እንደነበረች አልጻፈም። ታሪክ የሚያውቃት በክርስትና ስሟ፣ እሌኒ ተብላ ነው። ልጅ አልወለደችም። ተራ በተራ ዙፋን ላይ የወጡ ነገሥታት ግን እንደ እናት አከበሯት፤ በመጨረሻም አገር እናቴ ብሎ አለቀሰላት።

ታሪኩ የሚጀምረው እርሷ ከመወለዷ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

በ14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማምሉኮች መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል-ዑመሪ በሐበሻ ምድር ካሉት ሰባት የእስላም አገሮች አንዷ ሐዲያ መሆኗን መዘገበ። ያቺ ሐዲያ ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ሾኔ የምናውቃት ዞን ብቻ አልነበረችም፤ ከስምጥ ሸለቆ ማዶ ወደ ምሥራቅ ርቃ የተዘረጋች ሰፊ አገር ነበረች። አል-ዑመሪ 40,000 ፈረሰኛ እንዳላት፣ ገበያዋም በብረት ቁርጥራጭ እንደሚካሄድ ይናገራል። አንድ የሚዘገንን ነገርም አክሏል። ሌላ ቦታ የተሰለቡ ባሪያዎች ቁስላቸው እንዲታከም የሚወሰዱት ወደ ሐዲያ ነበር፤ ያን ቁስል ማዳን የሚያውቁት የዚያ አገር ሰዎች ናቸውና። ከዳኑ በኋላ ወደ ባሕሩ ይነዳሉ። ሰውን ከቤቱ አውጥቶ መስጠት የዚያ ዘመን ንግድም፣ ግብርም፣ ፖለቲካም ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

በ1332 ገደማ የሐዲያው ገዥ አማኖ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን አልገብርም አለ። የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ጥፋቱን የሚጥለው በለዓም በሚባል ጠንቋይ ላይ ነው። ወደ ንጉሡ አትሂድ፣ እጅ መንሻም አትስጥ፣ ንጉሡ በእጅህ ይወድቃል ብሎ መከረው ይላል። ምክሩ አልያዘም። ዓምደ ጽዮን አገሩን ወጋ፤ አማኖን ከብዙ ሕዝብ ጋር ማርኮ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሐዲያ ትገብር ነበር፤ ከምትገብረውም ውስጥ ሴት ልጆች ነበሩበት።

አንድ መቶ ዓመት እንለፍ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የገራድ መሕመድን ልጅ አገባ፤ የቀኝ በዓልተሐት አደረጋት፤ ከንጉሡ ዙፋን በስተቀኝ የምትቀመጥ ንግሥት ማለት ነው። ገራዱ ሲሞት ወንድሟ ማሒኮ ተተካና እርሱም እንደ አማኖ አልገብርም አለ። ንጉሡ ባሞ የተባለውን የማሒኮን አጎት ደግፎ ሹመቱን ለእርሱ ሰጠው። ማሒኮ ወደ አዳል ሲሸሽ የዳሞት ጭፍሮች ደርሰው ገደሉት፤ ሬሳውንም ቆራርጠው ለንጉሡ ላኩ። ዜና መዋዕሉ ይህን የሚተርከው በደስታ ነው። እሌኒ በዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ካህናቱ እልል ሲሉ ያቺ ሴት የት ቆማ እንደነበር ሳስብ መጽሐፉ እጄ ላይ ይከብደኛል።

የዘርዐ ያዕቆብ ቤት ለማንም የሚመች ቤት አልነበረም። ንጉሡ ጥንቆላን፣ ኮከብ ቆጠራንና ደስክና ዲኖ የሚባሉትን አማልክት ለማጥፋት ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ድርሳኑ ጠንቋይ ዘንድ የሚሄዱትን አወገዘ፤ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ በዚያ ክስ ተቀጥተው ሞቱ። በ1462 ሌላዋ ሚስቱ ጽዮን ሞገሳ ልጇን በእርሱ ምትክ ልታነግሥ አሲራለች ተብላ ተገረፈች፤ በግርፋቱም ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ነበር።

ያው ንጉሥ ግን ለአንዲት ሴት የሰጠውን ክብር ከእርሱ በፊት የሰጣት ንጉሥ የለም። በዓመት 33 በዓለ ማርያም እንዲከበር አዘዘ። ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያደረገው እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ስንሰማው የምንቆምለት መጽሐፍ። ምድር ላይ ያለችው ንግሥት በግርፋት ስትሞት፣ ሰማያዊቷ ንግሥት በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ትነግሥ ነበር። ከሙስሊም ቤት የመጣችው እሌኒ ሥልጣኗን የተከለችው በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ ነው። ግዕዝ ተማረች፤ ቅዳሴውን፣ ዜማውን፣ ሕጉን አወቀች። ሌሎች በፍርሃት የሚያከብሩትን የማርያምን ክብር የራሷ እውቀት አደረገችው።

በ1468 ዘርዐ ያዕቆብ ሲሞት እናቱ በአባቱ እጅ የሞተችበት በእደ ማርያም ነገሠ። እሌኒ የአባቱ ሚስት ናት፤ የእናቱ ጣውንት። ሊያሳድዳት ይችል ነበር። እርሱ ግን የሟች እናቱን ስፍራ ሰጣት። የእርሱ ዜና መዋዕል እሌኒን ሲያመሰግን በእግዚአብሔር ፊት በጸሎትና በቁርባን፣ በሰው ፊት ደግሞ በመጽሐፍ እውቀት፣ በሕግ፣ በመንግሥት ምክርና በማዕድ ዝግጅት ፍጹም እንደነበረች ይገልጻል። ማዕዱን ከሕጉ ጎን አስቀምጦ መጻፉን እወድለታለሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ማን ከማን በፊት እንደሚበላ፣ የቱ ብልት ለየትኛው ሹም እንደሚቀርብ የሚያውቅ ሰው መንግሥቱን ራሱን ያውቃል።

ከበእደ ማርያም በኋላ እስክንድር ነገሠ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ለጥቂት ወራት ሁለተኛው ዓምደ ጽዮን፣ ከዚያ ናዖድ። ነገሥታቱ በወጣትነት ይሞታሉ፤ እሌኒ ትኖራለች። በ1508 ናዖድ ሲሞት ልጁ ልብነ ድንግል ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልዘለለ ብላቴና ነበር። በዕድሜ የገፋችው የሐዲያ ልጅ የሕፃኑን ንጉሥ መንግሥት በሞግዚትነት ያዘች።

በ1509 ገደማ እሌኒ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጻፈች። መልእክተኛዋ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ሲሆን በእጁ ከደብዳቤው ጋር የቅዱስ መስቀሉን ቁራጭ ይዟል። ሰውና ስንቅ አለን፣ መርከብ ግን የለንም፤ እናንተ በባሕር እኛ በየብስ እንተባበር የሚል ምክር ነበር። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ሌላም ሐሳብ አለ፤ የሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆች ይጋቡ፣ የእናንተ ሴቶች ልጆች ለእኛ ወንዶች፣ የእኛም ለእናንተ ይዳሩ የሚል። ራሷ በልጅነቷ ለንጉሥ የተሰጠች ሴት ናት። ሁለት አገሮች በሴት ልጅ ሥጋ እንደሚታሰሩ ከማንም በላይ ታውቃለች። የእርሷ ሐሳብ ከአባቷ ውል የሚለየው መስጠቱ የሁለት ወገን በመሆኑ ነው።

ማቴዎስ በ1512 መጨረሻ ከፖርቱጋሎች እጅ ከገባች ሁለት ዓመት የሆናት ጎዋ ደረሰ። አገረ ገዥው አልቡከርክ ለመስቀሉ ቁራጭ ሲል በታላቅ ክብር ተቀበለው። የእሌኒ ደብዳቤ በዚህ መንገድ የህንድን ምድር ረገጠ፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የህንድ ሰማይ ስለተሰጡ ልጆች የሚናገረው አለውና።

ህንዶች የጨረቃን ጉዞ በ27 ከዋክብት ይከፍሉታል፤ ናክሻትራ ይሏቸዋል። ሕፃን ሲወለድ ጨረቃ ያረፈችበት ናክሻትራ ይታያል፤ የስሙም መነሻ ድምፅ ከዚያ ይወጣል። ሃያ ሰባቱ ከዋክብት ዳክሻ የተባለው አባት በአንድ ቀን ለጨረቃ የዳራቸው ሴቶች ልጆቹ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ጨረቃ ወንድ ነው፣ ስሙም ቻንድራ። ቻንድራ ሮሂኒን ብቻ ወደደና በእርሷ ቤት ብቻ ማደር ጀመረ። ሃያ ስድስቱ ወደ አባታቸው ተመልሰው አለቀሱ፤ ዳክሻም አማቹን ረገመው፣ ጨረቃ ከስቶ ሊጠፋ ደረሰ። በምልጃ እርግማኑ ለዘብ ቢልም እስከ ዛሬ በወር በወር ይከሳል፣ ይሞላል። በዚያ ታሪክ ውስጥ የተሰጡት ልጆች ዝም አላሉም። እንባቸው ጨረቃን ያጎድላል።

የዚያ አገር ሰዎች የዓለምን ጉልበት ሻክቲ ይሉታል፤ ሻክቲ ሴት ናት። ዱርጋ የምትባለዋን አምላካቸውን የፈጠረውም አንድ ችግር ነበር፤ ማሂሻሱራ የተባለው ጎሽ መሰል ጋኔን ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተሰጥቶታል። አማልክቱ ሁሉ ተሸነፉ፤ ኃይላቸውን አንድ ላይ አዋጥተው አንዲት ሴት አወጡ፤ እርሷ ገደለችው። ይህን ታሪክ ልብ እንበለው፤ የእኛው አገር ሴት ይዛው ትመጣለች።

ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገባ። መልሱ ግን ዘገየ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከማቴዎስ ጋር ምጽዋ የወረዱት በ1520 ነው፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። ያን ጊዜ ልብነ ድንግል ጎልምሷል፤ የአሮጊቷን ምክርና የፈረንጆቹን እርዳታ እምብዛም አልፈለገውም። እሌኒ በጎጃም ግዛቷ ውስጥ መርጡለ ማርያምን አሠርታ ነበር፤ በወርቅ ታቦቶቹ ስሙ የወጣ ቤተ ክርስቲያን። ድርሰትም ደረሰች። የልብነ ድንግል መልእክተኛ የነበረው ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ላይ ለዳሚያኦ ደ ጎይስ በነገረው መሠረት ጎይስ በ1540 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ድርሰቶቿን ያነሣል፤ ስለ ሥላሴና ስለ ድንግል ማርያም የሚናገረውን እንዚራ ስብሐትንና ስለ እግዚአብሔር ሕግ የሚናገረውን ጸዳለ ፀሐይን። ከሐዲያ ሙስሊም ቤት ወጥታ በግዕዝ ነገረ ማርያም የጻፈች ሴት! ከአባቷ ደጅ እስከዚያ ብራና ያለውን ርቀት በቀን መንገድ የሚለካው የለም።

በ1522 ገደማ ዐረፈች። በወቅቱ አገር ውስጥ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ታላቁም ታናሹም እንዳለቀሰ፣ ሕዝቡም አባታችንም እናታችንም እርሷ ነበረች፣ እርሷ ስትሞት ሁላችን ሞትን ይል እንደነበር ጽፏል።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1531 ግድም በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ የዘመተው የአዳሉ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር ወደ ሐዲያ ደረሰ፤ የዘመቻውን ታሪክ፣ ፉቱሕ አል-ሐበሻን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ አብሮ ነበር። የሐዲያ ሙስሊሞች ኢማሙ ፊት ቀርበው ብሶታቸውን አሰሙ። የክርስቲያኑ ንጉሥ የጦር መሣሪያ እንዳንይዝ፣ በኮርቻ ፈረስ እንዳንቀመጥ ከልክሎናል፤ በየዓመቱም ሴት ልጅ እንሰጠዋለን አሉ። እምቢ ብንል ይገድለናል፣ መስጊዶቻችንን ያፈርሳል። ታዲያ እንዴት ነው የምትሰጡት? ያወሩለት ነገር ይህ ነው። ተራዋ የደረሰውን ልጅ አልጋ ላይ ያስተኟታል። ገላዋን ያጥቧታል። በልብስ ይሸፍኗታል። በሞተ ሰው ላይ የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት ይሰግዱባታል። ከዚያ አንሥተው ያስረክቧታል።

ልጅቷ በሕይወት አለች። ዓይኗ ያያል፣ ጆሮዋ የራሷን ጀናዛ ይሰማል። እናቷ እዚያ ቤት ውስጥ ናት። ሶላቱን የሚሰግዱት የአካባቢው ወንዶች ሊያድኗት ስላልቻሉ ቀበሯት፤ ክርስቲያን ሆና እንደምትቀር ስለሚያውቁ በእነርሱ ሃይማኖት የሚቻለውን የመጨረሻ ነገር አደረጉላት። ጭካኔም አለበት፣ ፍቅርም አለበት፤ አንዱን ከአንዱ ልለየው አልችልም። ይህን ከሰማ በኋላ የሐዲያው ገዥ የራሱን ልጅ ለኢማሙ ዳረለት። ነጻ አውጪውም የተቀበለው ሴት ልጅ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ደጅ የወጡት ልጆች ሁሉ እሌኒ አልሆኑም። ብዙዎቹ ስማቸው ጠፍቷል። ሌሎቹ ደግሞ በባሕር ተሻገሩ።

በ1548 ገደማ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙ ቻፑ። ስለ ህንዱ ደከን ታሪክ የጻፈው ሪቻርድ ኢተን የትውልድ አገሩ የሐዲያ ጎረቤት ከምባታ እንደሆነ ይናገራል። ለባርነት ተሽጦ ሞካን፣ ባግዳድን አልፎ ህንድ ገባ፤ አንባር የሚል ስም ወጣለት። ይህ ልጅ ማሊክ አንባር ሆኖ የአሕመድናጋርን መንግሥት በእጁ ያዘ፤ እስከሞተበት እስከ 1626 ሞጎሎችን አላስደፍርም አለ። በእርሱ ሥር ከተዋጉት የማራታ አለቆች አንዱ ሻህጂ ሲሆን የሻህጂ ልጅ ሺቫጂ በኋላ የራሱን መንግሥት ሲያቆም የቤቱ ጠባቂ አድርጎ ያከበራት ባቫኒን ነው፤ ከዱርጋ መልኮች አንዷን። ከከምባታ የተወሰደው ልጅ የተዋጋበት ተራራ የሴት አምላክ አገር ነበር።

ከሐበሻና ከሌላውም የምሥራቅ አፍሪካ ምድር የተሻገሩ ሰዎች ዘሮች በህንድ ሲዲ ይባላሉ። በጉጃራት፣ በባሩች አውራጃ፣ ራታንፑር በምትባል መንደር ኮረብታ ላይ የባቫ ጎር መቃብር አለ። አካባቢው የዓቂቅ ድንጋይ የሚወጣበት ነው፤ ባቫ ጎርም ከሐበሻ የመጣ የዓቂቅ ነጋዴና ወሊ ነው ይሉታል። የተላከው ማክሃን ዴቪ የምትባል፣ አካባቢውን የምታስጨንቅ ኃይል እንዲያሸንፍ ነበር። ዴቪ ማለት ሴት አምላክ ማለት ነው። ባቫ ጎር ሞከረ፤ አልቻለም። ወንድሙ ባቫ ሐበሽም አልቻለም። ከሴት ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ነውና እኅታቸው ማይ ሚስራ ተነሣች፤ ማክሃን ዴቪን ጥላ ምድር ውስጥ ቀበረቻት።

ይህ ቀደም ብዬ ልብ እንበለው ያልኩት ታሪክ ነው። ወንድ ያቃተውን ሴት ትፈጽማለች። ህንዶች ለዱርጋ የሰጡትን ሥራ ሲዲዎች ለሐበሻይቱ ሰጡ፤ የአገሩን አምላክ ያሸነፈችው ባሕር ተሻግራ የመጣች ባዕድ ናት። ዛሬ በራታንፑር የማይ ሚስራ መቃብር ከወንድሞቿ ጎን አለ። ልጅ ያጡ ሴቶች ወደ እርሷ ይሄዳሉ፤ ሙስሊሟም ሂንዱዋም። የወንድሟን ኃይል ትኩስ፣ የእርሷን ቀዝቃዛ ይሉታል፤ በሕመም የሚቃጠለውን የምታበርድ እርሷ ናት። ማይ ማለት እናት ማለት ነው። የሚጠሯት እናት ብለው ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከኢማሙ ጦርነትና ከ16ኛው ምዕተ ዓመት የኦሮሞ እንቅስቃሴ በኋላ ያቺ ሰፊ ሐዲያ ተበታተነች። ምሥራቃዊው ክፍል ከአርሲ ጋር ተዋሐደ፤ ዛሬም በርካታ የአርሲ ጎሣዎች ዘራቸውን ከሐዲያ ይቆጥራሉ። ወደ ምዕራብ የተጠጋው ሕዝብ ፋንዳኖ በሚባለው እምነት ኖረ፤ የቀድሞው እስልምና ጾምና የሰማዩ አምላክ የዋዓ አምልኮ የተጋቡበት እምነት ነው። የሴቶች ኃይል በዚህ ዘመን ከዙፋን ርቆ በደጃፍ ተገኘ። በአርሲ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ከእናቷ ሲንቄ ትቀበላለች፤ ቀጭን በትር ናት። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአቴቴ ሥርዓት ሲወጡ የሚዋጉ ወንዶች መሣሪያቸውን ያወርዳሉ፤ የተሳደበም ባል ይቅርታ ይጠይቃል። በሰሜን ጎረቤት ያሉት ጉራጌዎች ደግሞ ከሰማዩ ዋቅና ከነጎድጓዱ ቦዣ ጋር ደምዋሚት የምትባል የሴቶች አምላክ ነበረቻቸው። ከሆሳዕና ተነሥቶ በግማሽ ቀን የሚደረስበት አገር ነው፤ የሴት አምላክ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር ሐዲያንና ከምባታን አስገበረ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ስፍራ ከተማ ሆና ሆሳዕና የሚል ስም ተሰጣት፤ ዘመቻው የደረሰው በሆሳዕና በዓል ነው ይባላል። አሮጌው ስም አልሞተም፤ ዩኒቨርሲቲው ዋቸሞ ይባላል። ቀጥሎ የመጡት የወንጌል ሚሲዮኖች በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ምእመኑ ያለ እነርሱ በዛ፤ ዛሬ የሐዲያና የከምባታ ሕዝብ አብላጫው የወንጌላውያን አማኝ ነው። ሃይማኖቱ ሦስት አራት ጊዜ ተቀየረ። በሴት ልጅ ገላ ላይ ግን ሁሉም አብያተ እምነት ያላነሡት አንድ ቢላዋ ቆየ።

በ2019 ያረፉት ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በከምባታ፣ ዛታ በምትባል መንደር ነው። ውኃ ልቅዳ ብለው እየወጡ በድብቅ ፊደል ቆጠሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድም ሲሆናቸው ተገረዙ፤ ብዙ ደም ፈሰሳቸው። እናት ልጇን የምታስገርዘው በፍቅር ነው፤ ያልተገረዘች ባል አታገኝምና። ጀናዛ የሰገዱትም በፍቅር ነበር። ቦጋለች በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ተመለሱና በ1997 ከእኅታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን መሠረቱ፤ ሜንቲ ሴቶች ማለት ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ ግርዛት አልነበረም፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሴቶች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነው። ድልድዩን ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለመቀመጥ እሺ አሉ፤ ሽማግሌውም፣ ገራዧም፣ እናቶችም፣ ወጣቶችም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ወር ከወር እየተገናኙ ተነጋገሩ። ማንም አላወገዛቸውም፤ ሲጠየቁ ራሳቸው መለሱት።

በ2002 ገደማ በከምባታ አንዲት ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ተዳረች። በተደበቀ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ሕዝብ ተጠርቶ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ሚዜ ተሰልፎ ነው። ሙሽራዋ ገላዋን ታጥባ ነጭ ለብሳለች። በአንገቷ ላይ ያልተገረዘች መሆኗን፣ ሌሎችም ከእርሷ እንዲማሩ የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥላለች። ሙሽራው የእርሱን ጽሑፍ አንጠልጥሎ፣ ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን ለአገሩ እያሳየ፣ ከጎኗ ቆሟል።